ለእናቴ፦ ስለ ሳሎኑ ቀለም፣ ስለ ላክሁልሽ ቅባትና ስለ ጠየቅሽኝ ጉዳይ

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? የጉልበትሽ ሕመም ቀለል እንዳለሽ ወንድሜ ነግሮኛል። እኛ ሁላችን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን፤ የድሬዳዋም ሙቀት ሰሞኑን ጋብ ብሎልናል።

በስልክ ያነሳሽልኝን ጉዳይ በጽሑፍ እንድመልስልሽ ጠይቀሽኛል። ዕድሜሽን በጠመኔና በደብተር መካከል ያሳለፍሽ መምህርት ስለሆንሽ ከስልክ ይልቅ ወረቀት እንደምታምኚ አውቃለሁ፤ ደጋግመሽ እንደምታነቢውም አውቃለሁ። ስለዚህ ዋናውን ነገር ከፊት ላስቀድመው። እኚያ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ ሽማግሌ ልከው ለጋብቻ ሊጠይቁሽ ማሰባቸው እኔንም ወንድሜንም አላስከፋንም፤ እጅግ ደስ ብሎናል። ልብሽ ከፈቀደ እሺ በያቸው። ከዚህ ቀጥሎ ስለ ግድግዳው፣ ስለ መጋረጃውና ስለ ፊትሽ ቅባት የምጽፍልሽ ሁሉ ከዚሁ ደስታ የመጣ ነው።

«በዚህ ዕድሜዬ ሰው ምን ይለኛል» ብለሽኛል። አባባን በክብር ቀብረሻል፣ ተዝካሩን አውጥተሻል፣ ከልሽንም ከሚገባው በላይ ቆይተሽ ነው ያወለቅሽው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት፣ በ7ኛው ምዕራፍ፣ ባሏ የሞተባት ሴት በጌታ ይሁን እንጂ የወደደችውን ለማግባት ነፃ እንደሆነች ተናግሯል፤ ዕድሜዋ ከዚህ ካለፈ ብሎ በዚያ ያኖረው ወሰን የለም። የንስሐ አባትሽን ማማከርሽ ተገቢ ነው፤ የጎረቤትን አፍ ማማከር ግን አስፈላጊ አይመስለኝም። ስለ ውርስና ስለ ቤቱ የሚያሳስብሽም ነገር አይኑር፤ ከወንድሜ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል።

ልጅ ሳለሁ ይዘሽኝ ትገቢበት የነበረውን፣ ጁገል ውስጥ፣ በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ያለውን የሐረሪ ጓደኛሽን ቤት ታስታውሻለሽ? በእነርሱ ወግ ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከተሰቀለ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ በቤቱ አለች ማለት እንደሆነ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ለሴት ልጅ እንዲህ ያለ ያማረ ምልክት ተበጅቶላታል፤ ለእናት ግን አንድም አልተበጀላትም። ልጆቿን ድራ የልጅ ልጅ ያየች ሴት ልቧ ሲከፈት ማሳወቂያ የላትምና ራሷ በአንደበቷ መናገር ይኖርባታል። አንቺም ተናግረሻል፤ በዚህ እጅግ ኮርቼብሻለሁ።

አሁን ወደ ሳሎኑ ልምጣ። አባባ ካረፈ ወዲህ ግድግዳው አልተነካም፤ ከወገብ በታች የተቀባው አረንጓዴ ዘይት ቀለም በእርጥበት ተነፍቶ እየተላጠ ነው። ቤታችን በድንጋይና በጭቃ የተሠራ አሮጌ ቤት ስለሆነ ግድግዳው የክረምቱን ውኃ ይስባል፤ ዘይት ቀለም ደግሞ ያንን እርጥበት ወደ ውጭ እንዳይወጣ አፍኖ ይይዘዋል፤ መላጡም ከዚሁ የተነሣ ነው። የጁገል ሰዎች ለዘመናት ግድግዳቸውን በኖራ ሲቀቡ የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኖራ እርጥበቱን ያሳልፋል፣ መስኮቱ ጠባብ ለሆነ ክፍልም ብርሃን ይመልሳል። ስለዚህ አሮጌው ቀለም በደንብ ተፍቆ ሁለት ሦስት እጅ ኖራ እንዲቀባ እለምንሻለሁ። ዝናቡ ስላቆመ ጊዜው አሁን ነው፤ እያንዳንዱ እጅ ሳይደርቅ ሌላው እንዳይደረብበት ግን ቀቢውን ቆመሽ ተቆጣጠሪው።

ቤቱን ማሳመር አባባን እንደ መርሳት እንዳይቆጠርብሽ መፍራትሽ ከድምፅሽ ገብቶኛል። በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። በዚያች የሐረሪ ጓደኛሽ ቤት፣ ጊዲር ጋር በሚሉት ዋና ክፍል ውስጥ የነበሩት ነደባ የሚባሉት አምስቱ መደቦች፣ እንግዳው ሁሉ እንደየማዕረጉ የሚቀመጥባቸው፣ ቀይ አፈር የተቀቡ ነበሩ። ቀይ መሆናቸው በ1887 እ.ኤ.አ. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ሰዎች ደም ለማሰብ ነው ብላ ስትነግረን ድምፅሽ ዝቅ ማለቱ አይረሳኝም። ከዚያው ቀይ መደብ በላይ ግን ነጩ ግድግዳ በስፌትና በሳህን አጊጦ ነበር፤ ሠርግም ልደትም የሚከበረው በዚያው ክፍል ነበር። ሐዘኑን ከቤታቸው አላስወጡትም፣ ለጌጥም ቦታ አልነፈጉትም። የአባባም ፎቶግራፍ ከቤቱ አይወጣም። ከመኝታ ክፍልሽ ወደ ሳሎን ይምጣና በቡፌው ትይዩ፣ አንቺ ከሰፋሻቸው ስፌቶች መካከል፣ ገብቶ የሚቀመጥ ሁሉ በሚያየው ስፍራ ይሰቀል። እኚህም ሰው ቢሆኑ ሲገቡ ለፎቶው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚቀመጡት፤ እኔ ራሴ አይቻለሁ፤ ስለ እሳቸው መጠየቄን ያቆምኩትም ከዚያ ወዲህ ነው።

የቡፌው ዳንቴል ታጥቦ ይመለስበት፤ በእጅሽ የሠራሽው ነውና በሌላ አይተካ። መጋረጃው ግን ይቀየር። ጨርቁን እዚህ ከቀፊራ ገበያ ገዝቼ እልክልሽና መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር መንገድ ካሉት ልብስ ሰፊዎች ለአንዱ ትሰጪዋለሽ። ቀጭን ይሁን እላለሁ፤ ወፍራሙ የክፍሉን ብርሃን ይበላዋል።

እንግዲህ ስለ እሳቸው ያየሁትን ልንገርሽ፤ አንቺ ከቅርብ ሆነሽ የምታይው ነገር ከሩቅ ላለ ሰው ይበልጥ ይታያልና። እኚህ ሰው ለፍቅር ትልቅ ቃል አያወጡም። ሬዲዮሽ ሲበላሽ ፈትተው ጠገኑት፤ ፓፓያ እንደምትወጂ ካወቁ ወዲህ ከድሬዳዋ ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ የደንገጎን ዳገት በሚኒባስ ተጭነው፣ በዚያ ወገባቸው፣ ቡናሽን ሊጠጡ ይመጣሉ። ስለ ባቡሩ ሲያወሩ ሰምቻቸዋለሁ፤ ሐዲዱ መጀመሪያ ወደ ሐረር ሊወጣ ታስቦ እንደነበረ፣ ተራራው ስላስቸገረ ግን በግርጌው ሜዳ ላይ በ1902 እ.ኤ.አ. እንደ ቆመና ድሬዳዋም በዚያ ምክንያት እንደ ተወለደች፣ አዲስ አበባ ለመድረስም እስከ 1917 እ.ኤ.አ. እንደ ፈጀበት። አንቺ ይህን ታሪክ ስታስተምሪ የኖርሽ ሰው ነሽ፤ እንደ አዲስ ስታዳምጫቸው ግን በፊትሽ ላይ ያየሁት ብርሃን ከአባባ ሞት በኋላ ያላየሁት ነው። ባቡሩ ያልወጣውን ዳገት እሳቸው ለአንቺ ብለው ይወጡታል። በሚቀጥለው ደግሞ አንቺ ወደ እኛ ውረጂና በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ አብራችሁ ተንሸራሸሩ። ሰው ይያችሁ፤ የሚታፈርበት ነገር የለውም።

ቀጥሎ የፊትሽ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ እንደ ልጅም እንደ ፋርማሲስትም ስለምጽፍልሽ ረዘም ይልብኛል። ነጋዴዋ «በሳምንት ፊትን ያጠራል» ብላ ያሳየችሽን ቅባት እንዳትገዢው አጥብቄ እለምንሻለሁ። የተሠራበትን ነገር በሣጥኑ ላይ ያልጻፈ ማንጫ ቅባት ብዙ ጊዜ ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ኃይለኛ ስቴሮይድ ይገኝበታል። ሜርኩሪ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ የሚናማታ ስምምነት የተባለው ዓለም አቀፍ ውል በአንድ ኪሎ ከ1 ሚሊ ግራም በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው የመዋቢያ ምርቶች ከ2020 እ.ኤ.አ. በኋላ እንዳይመረቱና ከአገር አገር እንዳይዘዋወሩ የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። ስቴሮይዱ ቆዳን ያሳሳል፤ ሃይድሮኪኖንም ለረጅም ጊዜ ከተቀቡት ያነጣል የተባለውን ፊት መልሶ ሊያጠቁረው ይችላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የጠይም መልክሽ መንጣት የሚያስፈልገው አይደለም፤ ሰውዬውም የወደዱት ይህንኑ መልክ ነው።

በላክሁልሽ ካርቶን ውስጥ የምታገኚው ትልቁ ነገር የፀሐይ መከላከያ ክሬም ነው። ሐረር ነፋሻማ ስለሆነ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ስትሆን አንቺ ከ1,800 ሜትር በላይ ነው የምትኖሪው፤ በጉንጭሽ ላይ የወጣውን ማድያት የሚያባብሰውም ይኸው ፀሐይ ነው። ጠዋት ጠዋት በሁለት ጣትሽ ርዝመት ልክ አውጥተሽ ፊትሽንና አንገትሽን ተቀቢ፤ ውጭ ከዋልሽ በየሁለት ሰዓቱ ድገሚው። በሣጥኑ ላይ 50 የሚለው ቁጥር ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር 98 በመቶ ያህሉን ያግዳል ማለት ነው።

ሁለተኛው ግሊሰሪን ያለበት ሎሽን ነው። በዕድሜ ምክንያት ቆዳ የራሱን ወዝ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ገላሽን ታጥበሽ ሳትደርቂ፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ተቀቢው፤ ደርቀሽ ከተቀባሽው ጥቅሙ ይቀንሳል። ሦስተኛው፣ እኔ እጅግ የወደድኩት፣ ቀሲል የሚሉት የቁርቁራ ቅጠል ዱቄት ነው። የድሬዳዋ ሶማሌ እናቶች በውኃ ለውሰው ፊታቸውን ይታጠቡበታል፤ ቅጠሉ በተፈጥሮው አረፋ ስለሚያወጣ እንደ ሳሙና ያጸዳል። እኔም ከእነርሱ ተምሬ ሞክሬው ተስማምቶኛል፤ የአንቺ ቆዳ ግን የአንቺ ነውና አዲስ ነገር ሁሉ መጀመሪያ በክንድሽ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጥቂት ተቀብቶ አንድ ሁለት ቀን ይታይ። ካላሳከከሽ፣ ካላቀላም ወደ ፊትሽ ይለፍ።

ሂናን በተመለከተ፣ ለዋዜማው እጅሽንና እግርሽን ጓደኛሽ ራሷ ትቀባሽ። ተፈጥሯዊው ሂና ብርቱካናማ ሆኖ ይጀምርና ወደ ቀይ ቡኒ ይሄዳል፤ ወዲያው ጥቁር የሚሆነው ግን ፓራ ፌኒሊን ዳያሚን የሚባል የፀጉር ማጥቆሪያ ኬሚካል የተጨመረበት ሊሆን ስለሚችልና ቆዳን ስለሚያቆስል አይነካሽ። የዓይንሽንም ኩል ቀይሪው፤ ከድንጋይ የሚፈጨው አሮጌ ኩል እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ በእንጨት መልክ የተሠራውን ከታወቀ መድኃኒት ቤት ገዝቼ አስቀምጬልሻለሁ። ሽበትሽን ቀለም እንቀባው ወይ ብለሽ ነበር። እኔ እንዳለ ይሁን ባይ ነኝ፤ ሹሩባ ሲሠራ ያ ነጭ ከጥቁሩ ጋር ተጋምዶ የሚሰጠው ውበት በማንኛውም ቀለም አይገኝም። ምርጫው ግን የራስሽ ነው፤ ከፈለግሽው አብረን እንመርጣለን።

በትንሿ ብልቃጥ ያለው ሽቶ ነው፤ በጨርቅ የተቋጠረው ደግሞ ዕጣን ከሽቶና ከስኳር ጋር ተዋህዶ የሚሠራው ኡንሲ ነው። ኖራው ከደረቀና መጋረጃው ከተሰቀለ በኋላ ማታ ማጨሻው ላይ ጥቂት ብቻ ጣል አድርጊ፤ ስኳሩ ቶሎ ስለሚያር ፍሙ አይብዛበት፤ መስኮቱንም ገርበብ አድርጊው። ይህን ሁሉ ደግሞ እንግዳ እስኪመጣ አትጠብቂበት። ብቻሽን በሆንሽበት ቀንም ተቀቢ፣ አጭሺ፣ አዲሱን ቀሚስ ልበሺ፤ ለራስሽ ብለሽ ስታጌጪ ማየት ከምንም በላይ ያስደስተኛል።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡ ከሆነ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ከዚያ በፊት ቢሆን መልካም ነው፤ እኔም ፈቃድ ጠይቄ ቀደም ብዬ እመጣና ድግሱን አብረን እናሰናዳለን። መልሱን ግን በእኔም በወንድሜም በኩል አትላኪው፤ አንቺው ራስሽ ንገሪያቸው። ቀለም ቀቢው ከወንድሜ ጋር ተነጋግሯል፤ የሚጀምርበትን ቀን አንቺ ወስኚ። ለመጋረጃው ከክሬምና ከቀላል ሰማያዊ የትኛው እንደሚሻልሽ እስከ ሐሙስ ንገሪኝ፤ የመስኮቶቹንም ቁመትና ወርድ ለክተሽ ላኪልኝ።

እጅሽን እየሳምኩ፣
የምትወድሽ ልጅሽ