የሰው መጽሐፍ መልሺ

ሚጡዬ እንዴት ነሽልኝ። እኛ ደህና ነን፣ ሙቀቱ ብቻ ነው የፈጀን፣ ሌሊት ሌሊት ግቢ ውስጥ ፍራሽ ዘርግተን ነው የምንተኛው። ለልደትሽ ደውዬ ልመርቅሽ ነበር ግን አክስትሽ ትናንት የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ከጓደኛሽ መጽሐፍ ተውሰሽ፣ ሁለት አመት ይዘሽ፣ ስትጠይቅሽ ጠፋብኝ አልሻት አሉ፣ ልጅቷ ደግሞ ቤትሽ መጥታ መደርደሪያሽ ላይ አይታው ዝም ብላ ወጣች። እውነት ከሆነ ዛሬ ነገ ሳትይ መልሺ። የሰው መጽሐፍ መልሺ።

ለአንድ መጽሐፍ ይሄ ሁሉ ቁጣ ምንድነው ትይኝ ይሆናል። ያ ያደግሽበት ፍቅር እስከ መቃብር የአያትሽ ነው ብዬሽ አልነበር? የአያትሽ አይደለም። አያትሽ ፊደልም አልቆጠሩ። የአባባ ባቡር ነው።

ትዝ ይሉሻል አይደል፣ ሽማንደፈር፣ ባቡር ድርጅቱ ይሰሩ የነበሩት፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ቤታቸው። ልጅ ሆኜ ሬዲዮ የነበራቸው እሳቸው ናቸው፣ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ደጃፋቸው ላይ ይኮለኮላል፣ በዛብህ የሞተ ቀን እያለቀስኩ ቤት ስገባ እናቴ ማን መታሽ ብላ ዱላ ይዛ ወጣች። በኋላ አንቺን አርግዤ ሐኪም አትነሺ ሲለኝ መጽሐፉን አምጥተው አዋሱኝ። መሃሉ ላይ ያለው ቢጫ እድፍ እርድ ነው፣ አትነሺ ተብዬ ተነስቼ ወጥ እያማሰልኩ ሳነብ የነካሁት። በእድፉ አፍሬ፣ ነገ እወስደዋለሁ ስል ሰባት አመት አለፈ።

ከዛ የ1998ቱ የድሬዳዋ ጎርፍ። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት። ደቻቱ እኮ አሸዋ ነው፣ ልጅ ኳስ የሚጫወትበት፣ ውሃው ከደጋው ወርዶ ሰውን በተኛበት ወሰደው፣ ከ200 በላይ ነፍስ። እሳቸው ተረፉ። በሶስተኛው ቀን ስሄድ መጽሐፎቻቸውን ቆርቆሮ ላይ ደርድረው ያደርቃሉ፣ ገጽ ከገጽ በጭቃ ተጣብቆ ብሎኬት ሆኗል፣ አንዱን በቢላ ሊገልጡት ሲሞክሩ ተሰበረ፣ አልተቀደደም፣ ተሰበረ። ቀና አሉና "ያ አንቺ ጋ ያለው እንኳን ተረፈ" አሉኝ።

ጠፋብኝ አልኳቸው።

ለምን እንዳልኩ እስከዛሬ አላውቅም፣ እድፉ ይሆናል፣ ስስት ይሆናል። "ይሁን ልጄ፣ ስንት ሰው ጠፍቶ" አሉኝ። ከዛ ወዲህ ከዚራ ሰፈር ከሩቅ ካየኋቸው መንገድ እቀይራለሁ።

አንቺ በ12 አመትሽ ሶስቴ ጨረስሽው፣ ጉዱ ካሳ ጉዱ ካሳ ስትይ ከረምሽ፣ አስተማሪሽን ፊት ለፊት ተናግረሽ ወላጅ አምጪ የተባልሽውም ያኔ ነው። አሁንም አለቃሽን ትናገሪያለሽ አሉ። በሱ እንኳን አልቆጣሽም፣ ደስም ይለኛል (ቀስ ብለሽ ግን፣ የቤት ኪራይ አለብሽ)። ግን ጉዱ ካሳን የሚወድ ሰው ጠፋብኝ ይላል እንዴ? እኔስ አልኩ፣ አንቺ እንዴት?

በይ አሁን፣ የአክስትሽ ልጅ ሐሙስ ወደ ድሬ ይመጣል፣ የአባባ ባቡርን መጽሐፍ በፌስታል ሁለቴ ጠቅልለሽ ስጪው፣ ባሱ ላይ ከላይ እንዳይጭነው፣ እቅፉ ውስጥ ይያዘው። በቴሌብር 500 ብር ልኬልሻለሁ ኬክ ግዢበት። የጋዙን ነገር አደራ፣ ስትወጪ ዝጊ።

አባባ ባቡር አሁን ሳቢያን ሰፈር ልጃቸው ጋ ናቸው፣ አይናቸው ደክሟል፣ የልጅ ልጃቸው ናት አሉ ጋዜጣ የምታነብላቸው። ያን ጣፋጭ፣ ሙሸበክ ገዝቼ እኔው ራሴ ይዤላቸው እሄዳለሁ፣ አንቺ እንዳትደውዪላቸው። ሽፋኑን እንዳታሳድሺው፣ እድፉንም እንዳትነኪው፣ እንዳለ ይምጣ። የጓደኛሽንም መልሺ። ስትመልሺላት ደግሞ ፈልጌ አገኘሁት እንዳትያት።

እናትሽ