የስኳር ውሃውን ድፊው

ልጄ፣

እህትሽ ሁሉንም ነገረችኝ። ለእማዬ እንዳትነግሪ ብለሻት ነበር አሉ፤ እሷ ግን ሚስጥር መች ያድርባታል! ሕፃኑ ሌሊት ሌሊት ያለቅሳል፣ ጋዝ በዝቶበታል፣ አንቺም «ወተቴ አልተስማማውም» ብለሽ የስኳር ውሃ በጥብጠሻል። እንዳትሰጪው።

እንቅልፍ እንዳጣሽ አውቃለሁ፤ አንጀቴን በልተሽዋል። ግን ስሚኝ። ወተትሽ ራሱ ጣፋጭ ነው። 100 ሚሊ ሊትር የጡት ወተት 7 ግራም ያህል ላክቶስ የሚባል ስኳር አለው። ላክቶስ እንዳለ ወደ ደም አይገባም። የትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ያለው ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ግሉኮስና ጋላክቶስ አድርጎ ይከፍለዋል። ሁለቱም ወደ ደም ያልፋሉ፤ ጋላክቶሱን ደግሞ ጉበት ተቀብሎ ወደ ግሉኮስ ይለውጠዋል። ሳይከፈል የቀረው ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና ባክቴሪያ ያብላላዋል። ጋዙ ከዚያም ይመጣል። በዚህ ዕድሜ ያለ ነው፤ ጋዝ ስላለው ብቻ ታሟል አይባልም።

ወንድምሽ ያለጊዜው ሲወለድ ይኼን ሁሉ ተምረናል። ላክቴዝ በደንብ የሚጨምረው በእርግዝና መጨረሻ ሳምንታት ነው፤ እሱ ያን ጊዜ አላገኘም። መጥባትም ስለማይችል ወተቴን በቀጭን ቱቦ በትንሽ በትንሹ እንሰጠው ነበር። ነርሷ «አትግፉት፣ ራሱ ይውረድ» ብላናለች። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲሪንጁን ከፍ አድርጎ ይዞ ይቆማል። እጁ ሲዝል በሌላው ይቀይራል እንጂ ለእኔ አይሰጠኝም። ጠብታዋ ስትወርድ ከንፈሩን አብሮ ያንቀሳቅሳል። የልጅ ልጁን ቢያይ ምን ነበረበት! አሁንም ይኼ ይቆጨኛል።

ምን ልልሽ ነበር? አዎ፣ የስኳር ውሃ። እንዳትሰጪው ብያለሁ! ሆዱን ይሞላዋል እንጂ እንደ ወተት አይመግበውም። ሆዱ ሲሞላ ጡት ይተዋል፤ ካልጠባ ደግሞ ወተትሽ ይቀንሳል።

በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ አጥቢው። አንዱን ጡት ጠብቶ ሳይጨርስ ወደ ሌላው አታዙሪው። የረጠበ ዳይፐር ቁጠሪ፤ ከአምስተኛ ቀኑ ወዲህ በቀን 6 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። በተደጋጋሚ ካስመለሰው፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ አልጠባም ካለ ወይም ከዛለ ግን እኔን አትጠብቂ፤ ሐኪም ጋ ሩጪ። ጉበታቸው ጋላክቶስ መለወጥ የማይችል ሕፃናት አሉ። በጣም ጥቂት ናቸው፤ እነሱን ወተቱ ራሱ ይጎዳቸዋል። ይኼን የሚለየው ምርመራ ነው እንጂ ጎረቤት አይደለም።

የበጠበጥሽውን አሁኑኑ ድፊው። ማታ እደውላለሁ፤ ዳይፐሩን ቆጥረሽ ጠብቂኝ።

እናትሽ