ማን ቀድሞ ይሄዳል?

ወንድም ዓለም፣ እንዴት ሰነበትክ?

ዝምታችን በጣም በዛ። ፋርማሲ ለመማር እንደገና መግባትህን ስሰማ ከልቤ ደስ አለኝ። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪው ላይ ኢሊሚኔሽን (ከሞለኪውል ሁለት ነገር ወጥቶ ደብል ቦንድ የሚፈጠርበት ሪአክሽን) እያስቸገረህ መሆኑንም ነግረውኛል። የሰላምታውን ወግ ላቆየውና በቀጥታ እሱን ላውራህ፤ በዓመት በዓመቱ የማስተምረው ነገር ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በመጀመሪያ ሠንጠረዥ መሸምደዱን ተወው። ኢ-ዋን (E1)፣ ኢ-ቱ (E2)፣ ኢ-ዋን-ሲቢ (E1cB) የሚባሉት ሦስቱ የኢሊሚኔሽን መንገዶች የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው። ከአንዱ ካርቦን ሊቪንግ ግሩፑ (ኤሌክትሮኖቹን ይዞ የሚለቀው ክፍል) ይሄዳል፣ ከጎረቤቱ ካርቦን ፕሮቶን (ሃይድሮጅን ያለ ኤሌክትሮኑ) በቤዝ ይነሳል፣ በሁለቱ መሃል ደብል ቦንድ ይፈጠራል። ጥያቄው ማን ቀድሞ ይሄዳል የሚለው ብቻ ነው።

ሊቪንግ ግሩፑ ከቀደመ ኢ-ዋን ነው። ካርቦካታዮን፣ ማለትም ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ካርቦን፣ ይፈጠራል፤ ዝግተኛው እርምጃ ይሄ ስለሆነ ቤዙን ብትጨምርም ፍጥነቱ አይለወጥም። ለዚህ ነው ተርሸሪ ካርቦን (ከሦስት ካርቦኖች ጋር የተያያዘ)፣ ደካማ ቤዝና እንደ ውሃ ወይም አልኮል ያለ ሟሚ ባሉበት የምታገኘው። ፕሮቶኑ ከቀደመ ኢ-ዋን-ሲቢ ነው። ይሄ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ከካርቦኒል (ካርቦንና ኦክሲጅን በደብል ቦንድ ከተያያዙበት ቦታ) አጠገብ እንዳለው ዓይነት በቀላሉ የሚነሳ ፕሮቶን፣ እና መሄድ የማይወድ ሊቪንግ ግሩፕ። ሁለት የካርቦኒል ሞለኪውሎች የሚጣመሩበት የአልዶል ኮንደንሴሽን መጨረሻ ላይ በቤዝ ውስጥ ኦኤች (OH) ሲወጣ አይተህ ግራ ገብቶህ ከሆነ መልሱ እዚህ ነው። ኢኖሌቱ፣ ማለትም ፕሮቶኑን ያጣው ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው መልክ፣ መጀመሪያ ተፈጥሮ ስለሚገፋው ነው የሚወጣው። ሁለቱ እኩል ከሄዱ ደግሞ ኢ-ቱ፤ ፍጥነቱም በቤዙም በሞለኪዩሉም ይወሰናል።

እኩል መሄዳቸው በምን ይታወቃል ትለኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሚነሳውን ሃይድሮጅን በዲዩቴሪየም (ከባዱ ሃይድሮጅን) ቀይረህ ፍጥነቱን ትለካለህ። በኢ-ቱ ላይ ሪአክሽኑ እስከ 7 እጥፍ ገደማ ሊዘገይ ይችላል፣ ምክንያቱም ያ ቦንድ የሚሰበረው እዚያው ዝግተኛው እርምጃ ላይ ነው። በኢ-ዋን ለውጡ ትንሽ ነው።

አሁን የምወደውን ምሳሌ ልንገርህ፣ እርሳስና ወረቀት ያዝ። ከናና ዘይት የሚገኘውን ሜንቶል ታውቀዋለህ፤ ኦኤቹን በክሎሪን ተካውና ሜንታይል ክሎራይድ በለው። ቼሩን፣ ማለትም ባለ ስድስት ካርቦኑን ቀለበት በወንበር ቅርጽ፣ ሣለው። ክሎሪኑም፣ አይሶፕሮፒሉም፣ ሜታይሉም ኢኳቶሪያል (ወደ ቀለበቱ ጎን የዘረጋው ቦታ) ላይ ተመቻችተው ተቀምጠዋል። ኢ-ቱ ግን ክሎሪኑና የሚነሳው ሃይድሮጅን አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች፣ በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲቆሙ ይፈልጋል፤ በዚህ ቀለበት ላይ ሁለቱም አክሲያል (ቀጥ ብለው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የቆሙ) መሆን አለባቸው ማለት ነው። ስለዚህ ቀለበቱ መገልበጥ አለበት፣ ሲገለበጥ ሦስቱም ግሩፖች አክሲያል ይሆናሉ፣ ይሄ ደግሞ ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ከተገለበጠም በኋላ በአይሶፕሮፒሉ በኩል በትክክለኛው ቦታ የቆመ ሃይድሮጅን የለም። የቀረው በሌላኛው ጎን ያለው ብቻ ነው። ውጤቱ 2-ሜንቲን (ደብል ቦንዱ ከአይሶፕሮፒሉ በሌላኛው ጎን ያለው) ብቻ ሆነ፣ ብዙ ካርቦን የተያያዘበት ደብል ቦንድ ይበዛል የሚለው የዛይትሴቭ ደንብ ከሚጠብቀው ተቃራኒ!

የክሎሪኑን አቅጣጫ ብቻ ቀይረህ ኒዮሜንታይል ክሎራይድ ብታደርገው ክሎሪኑ ከመነሻውም አክሲያል ነው። 200 ጊዜ ያህል ይፈጥናል፣ 78 በመቶ ገደማም 3-ሜንቲን (ደብል ቦንዱ በአይሶፕሮፒሉ በኩል ያለውን) ይሰጣል። ሜንታይሉን ራሱን ግን ያለ ጠንካራ ቤዝ፣ ውሃ በተቀላቀለበት ኢታኖል ውስጥ ብታሞቀው በኢ-ዋን ይሄዳል። ካርቦካታዮኑ የአቅጣጫ ግዴታ ስለሌለበት 3-ሜንቲኑ ይበዛል። አንድ ሞለኪውል ነው፣ መንገዱ ሲለወጥ ምርቱም ተለወጠ። ኬሚስቶቹ እነ ሂዩዝና ኢንጎልድ ለንደን ላይ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ለዓመታት በትዕግሥት ለክተው ነው ስሞቹን የተውልን፤ እኔ ይሄን ሥራ ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ፈተና ላይ መጀመሪያ ቤዙን እይ። ጠንካራ ከሆነ፣ ካርቦኑ ሰከንደሪም (ከሁለት ካርቦኖች ጋር የተያያዘ) ተርሸሪም ይሁን፣ ኢ-ቱን አስብ። እንደ ፖታሲየም ተርት-ቡቶክሳይድ ግዙፍ ከሆነ ደግሞ ጫፍ ላይ ያለውን፣ በቀላሉ የሚደርስበትን ሃይድሮጅን ይወስዳል። በሦስቱ መሃል ግንብ እንደሌለ ግን አትርሳ፤ ብዙ ኢ-ቱዎች ወደ አንዱ ጎን ትንሽ ያዘነበሉ ናቸው።

ኒዮሜንታይሉን ቼር ሣልና ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ አየዋለሁ። እማማ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ አደጉ? ሁሉንም ሳታስቀር ጻፍልኝ።

ወንድምህ