ሰኔ 26፣ ከቱሉ ዲምቱ

ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ?

ይህን ጽፌ ለራሴ ሳቅሁ። ድሮ ሰው «እንዴት ከረምክ» የሚባባለው ወንዙ ሞልቶ፣ መንገዱ ጨቅይቶ፣ ክረምቱን ሙሉ ሳይተያይ ሲቀር ነው። እኛን የለያየን ወንዝ የለም። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሁለት ክረምት አለፈ፣ ዛሬ ሦስተኛው ገባ።

እውነቱን ልንገርህ። ጥር 2016 ላይ የሰባት ደቂቃ ድምፅ ልከህልኝ ነበር። ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፤ ቤት ገብቼ፣ ተረጋግቼ እሰማዋለሁ አልኩ። ቤት ስደርስ እንግዳ አለ። በማግስቱ ረሳሁት። በሳምንቱ ትዝ ሲለኝ አፈርኩ፣ በወሩ ደግሞ እፍረቱ የወር ሆነ። አንተም ሰው ነህ፣ ተቀየምክ፤ እኔም «ተቀይሟል» ብዬ ይብስ ዝም አልኩ። ሥራ በዝቶብኝ ምናምን ልልህ ነበር። አልበዛብኝም።

ዛሬ ሰማሁት።

ዓርብ ነው፣ ሥራ መግባት ነበረብኝ። ግን ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ጠዋትም አላባራ አለ። ጫማዬን በፌስታል ጠቅልዬ ወጣሁ (አትሳቅ፣ እዚህ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው)። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት መሆኑን ታውቃለህ? ቀዩን እኔ አላየሁትም። ያለው ጥቁር ዋልካ ነው፣ አንዴ ከያዘህ ጫማህን ተቀብሎህ ነው የሚለቅህ። ለጤፍ ግን ወርቅ አፈር ነው ይላሉ፤ ከብሎካችን ጀርባ የቀረችውን ቁራጭ ማሳ ገበሬው ሰሞኑን ሲያርሳት ነበር፣ እኔ ፎቅ ላይ ሆኜ ቡናዬን እየጠጣሁ ሳየው ደስ ይለኛል። ለማንኛውም አደባባዩ ጋ ስደርስ የታክሲው ሰልፍ ዞሮ ዞሮ ጫፉ አይታይም። ግማሽ ሰዓት ቆሜ፣ ሁለት ሰው ሲቀነስ አይቼ ተመለስኩ። ቤት ስገባ መብራት ሄዷል። ልብሴን ቀየርኩ፣ ጋቢ ለበስኩ፣ ስልኬ 38 በመቶ ላይ ነው፣ ቴሌግራም ከፈትኩና ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ሄድኩ።

«ክረምቱ ገደለን እባክህ፣ ከዜሮ በታች 30 ገብቷል» ብለህ ነው የምትጀምረው። ጥር ላይ ክረምት! እኛ እኮ ያኔ ፀሐይ አናት አናታችንን እያለን ጥምቀት ልንወጣ ነው። የስድስተኛ ክፍሉ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ትዝ አሉኝ፤ ክረምት ማለት ዊንተር፣ በጋ ማለት ሰመር ብለው በጠመኔ ጽፈው አስይዘውን፣ እኛም ዕድሜያችንን ሙሉ ሐምሌን ዊንተር ስንል ኖርን። አሁን እዚያ ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ ማታ 4 ሰዓት እስኪጠጋ አይመሽባችሁም አይደል? የሚገርምህ እዚህም በሰኔ ቀኑ ከጥር ወር ቀን ትንሽ ይረዝማል። ደመናው ነው የሚያሳጥርብን።

ሌላ ወሬ። ዘንድሮ ሰኔ 1 ሰኞ ዋለ። የታች ጎረቤቴ ጋሼ ወሩን ሙሉ «ሰኔና ሰኞ ገጥሟል» እያሉ አስፈራርተውናል። ባልዲ ቢደፋ ሰኔና ሰኞ ነው፣ አርሴናል አቻ የወጣበት የድሮ ጨዋታ ሲያነሱም ሰኔና ሰኞ ነው። አላምንበትም ብዬ ቆጠርኩት። ያለፈው የገጠመው በ2012 ነው፣ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ቤት የተቀመጥንበት የኮሮና ዓመት። ከዚያ በፊት በ2007። 2007 ምን ሆንን? እኔ ምንም አልሆንኩም፣ እንዲያውም የተዳርኩበት ዓመት ነው። (ሚስቴ ይህን እንዳታነብ።)

ወደ ድምፅህ ልመለስ። አራተኛው ደቂቃ ላይ ስለ እቴቴ፣ ስለዚያች የወንዙ ዳር ባለጉልት ጎረቤታችን፣ ታነሳለህ።

ልጅህ «የዝናብ ታሪክ ንገረኝ» ብላህ ያንን ሰኔ 30 ነገርካት። ግን አሳጥረህባታል፣ ደግሞም አበላሽተኸዋል። እየሮጥን የነበረው ዝናቡን ሸሽተን ብቻ አይደለም! ያ ረጅሙ ልጅ ከሚያዝያ ጀምሮ «ሰኔ 30 እንገናኝ» ሲለን የከረመው ረሳህ? ካርድ ተቀብለን በሩን ስንወጣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቆሞ ጠበቀን። ሰማዩ የተቀደደው ያኔ ነው። ቁልቁል ወደ ቀበና ወንዝ ሮጥን፣ እነሱም ከኋላ፣ እቴቴ ጉልቷን በላስቲክ ሸፍና ወደ ቤት ልትገባ ስትል ደረስን። ምን ሆናችሁ አላለችም። በሩ ጀርባ ከተተችንና እሷ ደጁ ላይ ቆመች። «አንተ የማን ልጅ ነህ?» አለችው። እሱ ነው እንግዲህ። ያኔ ከዚያ የባሰ ጥያቄ አልነበረም። ሲሮጥ ጫማው ወልቆ ቀረ፣ አንድ እግር ኮንጎ፣ እቴቴ በማግስቱ አጥባ ለእናቱ ወሰደችላት።

ከዚያ ካርዳችንን ከሸሚዛችን ውስጥ አውጥታ ምጣዱ ጠርዝ ላይ አሰጣችው። ያንተ ደህና ነበር። የኔ ደረጃ 17 ነበር፣ ሰባቱ በውሃ ታጥቦ አንዱ ብቻ ቀረ። እኔማ እግዜር ሠራልኝ ብዬ ደስ አለኝ። አባቴ ማታ ካርዱን ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጎ አየው፣ አየው፣ ከዚያ «ሰባቱስ የት ሄደ?» አለኝ።

ቆሎ ሰጠችን ያልከው ደግሞ ስህተት ነው። ንፍሮ ነው። ስንዴና ባቄላ፣ ትኩስ፣ በደብተር ወረቀት። ባቄላውን እየመረጥክ በልተህ ስንዴውን ለኔ እንደተውክልኝ አልረሳም።

ታጥቦ ስለሄደ ነገር ካነሳን፣ ያ የካልሲ ኳሳችንስ? ሐምሌ ላይ ቀበና ወሰደብን፣ አንተ «ባሕር ይደርሳል» ብለህ ስታጽናናኝ ነበር። አይደርስም ወንድሜ። ቀበና ወርዶ ትልቁ አቃቂ ውስጥ ይገባል፣ ይህ አሁን እኔ አቃቂ ድልድይ ላይ በታክሲ የማልፈው፣ ክረምት ሲሆን ቡናማ ሆኖ የሚጋልበው ወንዝ ነው። ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ ቆቃ። አዋሽ ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ፣ አፋርን አቋርጦ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። ባሕር አያውቅም። እንግዲህ ኳሳችን የሆነ ሰው በር ላይ አልፋ ይሆናል። የኔንም በር፣ ማን ያውቃል፣ ያኔ እዚህ ሁሉም እርሻ ነበር።

አሁን ማለት ያለብኝን ልበል፣ ባትሪዬም እየወረደ ነው።

ስድስተኛው ደቂቃ ላይ «ለእቴቴ ጥሩ ጋቢ መግዣ ልላክላት፣ በስሟ ልላከው፣ ሙሉ ስሟን ጠይቀህ ላክልኝ፣ ሳምልኝ ደግሞ» ትላለህ። እቴቴ ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ አረፈች። አንተ ይህን ስትል በሕይወት ነበረች። ያን ጥር ገና እዚያው ወንዙ ዳር ነበረች፣ ጥምቀት ዕለት አግኝቻት ጠላ ሰጥታኛለች፣ ስላንተም ጠይቃኛለች፣ «ደህና ነው» አልኳት። መልእክትህ ያኔ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ይህን እንዴት እንደምነግርህ አስቤ አስቤ እንዲሁ ጻፍኩት።

ስሟን ግን እኔም አላውቀውም። አንተም አታውቀውም፣ እኔም፣ ማንም! እማዬ ጋ ደወልኩ፤ አሁን ጀሞ እህቴ ጋ ናት። «የእቴቴ ስም ማን ነበር?» ስላት «እቴቴ ነዋ!» አለች፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ድምፅ። ከዚያ ዝም አለች። ቆይታ «ፍትሐቱ ላይ ቄሱ የክርስትና ስሟን ሲጠሩ ሰምቻለሁ፣ ወለተ... ወለተ ምን ነበር?» አለች። ወለተ ያልሆነች ማን አለች። የዓለም ስሟ የእድሩ መዝገብ ላይ ይኖራል፣ ግን ሰፈሩ ሲፈርስ የእድሩ ጸሐፊ ወዴት እንደሄዱ እየተጠየቀ ነው። እማዬ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የድሮ ጎረቤቶቿን ስታገኝ ትጠይቃለች። ንፍሮውን ጠየቅኳት ደግሞ። «ኧረ አጥሚት ነው የሰጠቻችሁ፣ እኔ ራሴ ጣሳውን መልሻለሁ» አለችኝ። እንግዲህ ሦስት ሆነልህ።

ስሟን ሳገኝ እልክልሃለሁ። ድምፅ ከላክህ ደግሞ አጭር አድርገው፣ ቆሜም ቢሆን እዚያው እሰማዋለሁ።

ውሃ ከማክሰኞ ጀምሮ ስለሌለ በረንዳው ላይ ባልዲ ደቅኛለሁ፣ ከላይ ቤት ቱቦ የሚወርደውን ይቀበላል። ድምፁ ተቀየረ፣ ሞልቷል መሰለኝ። ሄጄ ልቀይረው።