በፍላይ ዘንግ ፓይክ ለማጥመድ ለሚወጡ

ክቡር አዘጋጅ፦

በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ፓይክ የተባለውን አዳኝ ዓሣ የማጥመጃ ወቅት በግንቦት መጀመሪያ ይከፈታል። በፍላይ ዘንግ፣ ማለትም የላባ ማባበያ በክሩ ክብደት በሚወረወርበት ዘንግ፣ ለማጥመድ ለሚዘጋጁ አንባቢዎች አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፤ ያለ ሽቦ አትውጡ። የፓይክ ጥርስ ተራውን የናይለን ክር እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል፤ መንጠቆውም አፉ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ከመንጠቆው በላይ 12 ኢንች ያህል ቀጭን የብረት ሽቦ ይታሰር። ከሽቦው በላይ 20 ፓውንድ የሚችል ናይለን ይቀጠል። ሁለቱ ተደምረው ከ7 ጫማ ባይበልጡ ይሻላል፤ ከረዘሙ ከባዱን ማባበያ መወርወር ያስቸግራል። ዘንጉ 9 ጫማ፣ የሚወረውረውን ክር ክብደት የሚያመለክተው ቁጥሩ 8 ወይም 9 ይሁን። ከዚያ የቀለለ ዘንግ ውሃ የጠጣ ባለ 6 ኢንች የላባ ማባበያ አይችልም፤ ነፋስ ካለ መንጠቆው ወደ ወርዋሪው ፊት ይመለሳል።

ዓሣው ሲነክስ ዘንጉን ወደ ላይ ማንሳት ትልቁ ስህተት ነው። አፉ አጥንታም ስለሆነ መንጠቆው አይገባም። የዘንጉን ጫፍ ወደ ዓሣው እንዳቀናችሁ ክሩን በእጃችሁ ጠንክራችሁ ሳቡ። ረጅም ፒንሳና የጎማ መረብ ያዙ፤ የመንጠቆውን እሾህም አስቀድማችሁ ጨፍልቁ።

በግንቦት ዓሣው ጥልቀት በሌላቸው፣ ሣር ባለባቸው የሐይቅ ጥጎች ይገኛል። በሐምሌ ውሃው ሲሞቅ ትልልቆቹን ባትነኩ እመርጣለሁ፤ ታግለው የደከሙት ቢለቀቁም ሊሞቱ ይችላሉ።

ጋዜጣችሁም በየዓመቱ የመጠን ደንቡን ቢያትም ትልቅ እርዳታ ነው። ግዛቱ ለፓይክ በሦስት ዞን ተከፍሏል፤ በሰሜን ማዕከላዊው ዞን ከ22 እስከ 26 ኢንች ያለው ሁሉ ይለቀቃል፣ በደቡቡ ደግሞ ከ24 ኢንች ያነሰ አይወሰድም። በአንዱ የተፈቀደው በሌላው ያስቀጣል።

አክባሪያችሁ፣ ከሚኒሶታ