ጋዝ ቢመጣም የሰፈራችን ትራንስፎርመር ያው ነው

ለአዘጋጁ፣

ስለ ግብፁ የቤኒ ሱዌፍ የጋዝ ኃይል ማመንጫ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ጣቢያው «በዓመት 4,800 ሜጋ ዋት ያመነጫል» የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩ። ተመልሼ አየሁት። ያው ነው።

4,800 ሜጋ ዋት እኮ ጣቢያው በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በዚያች ቅጽበት የሚሰጠው ኃይል ነው። «በዓመት» ስትሉት አንድ ታክሲ በዓመት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሄደ እንደማለት ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ሳያርፍ ቢሠራ ድምሩ 42 ሺህ ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ይወጣዋል (በዓመት ተጠራቅሞ የሚመረተው የሚለካው በዚህ ነው)፤ ጥገና አለ፣ ሰው የሚተኛበት ሌሊት አለ፣ ስለዚህ ያን ያህል አይደርስም። «ምን አለበት፣ ቁጥር ነው» እንዳትሉኝ። ጸሐፊያችሁ በዚሁ ቁጥር ተንደርድሮ ነው ከህዳሴ ግድብ ጋር «እኩያ ናቸው» ያለው። የህዳሴ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው፣ ልክ። ግን ግድብ የሚሠራው በመጣለት ውሃ ነው። በዓመት የሚጠበቅበት ከ15 ሺህ ጊጋ ዋት ሰዓት ትንሽ ከፍ ይላል። ጋዝ እስከተገዛለት ድረስ ከሚሽከረከር ጣቢያ ጋር በምን ሂሳብ ነው እኩያ የሆነው?

ደግሞ «ንጹህ ኃይል» ብላችሁታል። ከድንጋይ ከሰል አንጻር እሺ፣ ግማሽ ያህሉን ነው የሚያጨሰው። እኛ ግን ከሰል የምናነደው ለቡና ነው! መብራታችን ከሞላ ጎደል ከውሃ የሚመጣ ሕዝብ ነን። የቤኒ ሱዌፉ ጣቢያ ከተርባይኑ የሚወጣውን ሙቀት መልሶ እንፋሎት የሚያፈላበት፣ ከጎበዞቹ የሚመደብ ነው፤ እሱም ቢሆን በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በየሰዓቱ ወደ 1,600 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ከጉድጓዱና ከቧንቧው ሳይነድ የሚያመልጠው ጋዝ፣ ሚቴኑ፣ እዚህ ውስጥ የለበትም።

ጋዝ አይጠቅምም አላልኩም። ዝናብ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሲሰጠን አይተናል። ለእንደዚያ ዓይነት ዓመት የኦጋዴን ጋዝ መጠባበቂያ ቢሆን ማን ይጠላል?

ያናደደኝ ግን መጨረሻው ነው። እንዲህ ያለ ጣቢያ ቢኖረን «በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚታየው መቆራረጥ ያበቃል» ይላል። ማንን ጠይቃችሁ? የቦሌ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ! ጄኔሬተር ያለው ሰውዬ ስለ እኛ መብራት ይመስክር?

እኔ እዚያው የአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ ነኝ፣ እንጀራ ጋግሬ ነው የማድረው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ወደ 4 ሺህ ዋት ይጠጣል። ሰፈሩ ሲሰፋ፣ ቤት በቤት ላይ ሲጨመር ትራንስፎርመሩ ግን አልተለወጠም። ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲጥድ ኃይሉ ይወርዳል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ትንሽ ቆይቶ ድርግም። ሲመለስ ደግሞ ዘሎ ይመጣል፤ ፍሪጄን ያቃጠለው እንደዚያ ነው። ስንደውል «ተመዝግቧል» ይሉናል። መዝገቡ ይኼኔ ሞልቶ ሌላ ተገዝቶለታል። በዚህ ላይ ቤኒ ሱዌፍን ነቅላችሁ ቃሊቲ ብትተክሉት ያ ሁሉ ኃይል መጥቶ የሚቆመው እዚያችው ያረጀች ትራንስፎርመር ላይ ነው። የጎደለን ማመንጫ ሳይሆን ማድረሻ ነው፤ መስመር፣ ትራንስፎርመር፣ የሚጠግን ሰው።

ስለዚህ ቁጥሩን አርሙ፣ «እኩያ» የሚለውንም አብራችሁ። ጸሐፊያችሁ ስለ እኛ ሊጽፍ ካሰበም ወደዚህ ይምጣ፤ ቀን ሳይሆን ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ፣ ስልኩን ቻርጅ አድርጎ።

ከቱሉ ዲምቱ፣ አንባቢያችሁ