የወይራው ቁራጭ ማገዶ ከመሆኑ በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

እንጨት ቤቶች ቁርጥራጩን ከሰጋቱራው ጋር በጆንያ ሞልተው ለማገዶ ይሸጣሉ። እዚያው ቤት ሙያ ለማጁ የመሮ እጀታ በብረት መዶሻ ሲቀጠቅጥ ይውላል፤ ሳይቆይ የእጀታው አናት ተፈርክሶ እንደ መጥረጊያ ይበተናል። አዲስ መሮ ከመግዛት በፊት ጆንያውን መፈተሽ ይሻላል። ለእንጨት መዶሻ የሚሆን ወይራ አይጠፋበትም።

ወፍራም ግንድ አያስፈልግም። 14 በ9 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሦስት ቁራጮች ተደራርበው በነጭ ኮላ ሲጣበቁ የመዶሻው ራስ ይሆናሉ። ብልሃቱ ያለው መካከለኛው ላይ ነው፤ ለሁለት ይቆረጥና በመሃሉ የእጀታው ቀዳዳ ይተዋል። በመሮ ሲቦረቡሩ መዋል ቀረ ማለት ነው። ቀዳዳው ከታች 30 ሚሊ ሜትር፣ ከላይ 34 ይሁን። 34 ሳንቲ ሜትር የሚረዝመው እጀታም ጫፉ በዚያው ልክ ሰፍቶ ይላግና ከላይ ወደ ታች ይገባል። በተመታበት ቁጥር የመዶሻው ራስ ወደ ሰፊው የእጀታ ጫፍ እየተገፋ ይጠብቃል እንጂ አይወልቅም፤ ስለዚህ እጀታው ኮላም ሚስማርም አይነካውም።

የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በሦስት ምክንያት ነው። የእንጨቱ ጅማት በመዶሻው ራስ ርዝመት መሄድ ሲገባው ወደ እጀታው አቅጣጫ ከቆመ፣ መዶሻው በጥቂት ምት ለሁለት ይሰነጠቃል። ወይራ ቅባት ስላለው ተልጎ ካደረ ኮላ በደንብ አይይዝም፤ በተላገበት ቀን ይጣበቅ። ሦስተኛው፣ ቁራጮቹ ሲታሰሩ የሚተርፈው ኮላ ቀዳዳው ውስጥ ፈስሶ ይደርቃል። እጀታውን በፌስታል ጠቅልሎ ቀዳዳው ውስጥ ማቆምና ከግማሽ ሰዓት በኋላ መምዘዝ ነው መድኃኒቱ። እንጨት አጥብቆ የሚይዝ ሞርሳ ከሌለ በረጅሙ የተቀደደ የብስክሌት የውስጥ ጎማ አጥብቆ መጠምጠም ይበቃል፤ 24 ሰዓት ሳይሞላው ግን አይፈታ። በመጨረሻ የመምቻው ጠርዞች 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሞረዱ፤ ሹል ጠርዝ ቶሎ ይሸረፋል።

ቀጤ ማዕዘን የሚለካበት ስኳድራም ከቁራጭ ይወጣል። ለዚህ የሚመቸው ጅማቱ ቀጥ ያለ፣ በደንብ የደረቀ ዋንዛ ነው። ባህር ዛፍ አይሞከር፤ ሲደርቅ ይጣመማል። ትክክለኛነቱን ለማወቅ ሌላ ስኳድራ መዋስ አያሻም። ፋብሪካ የቆረጠው ቀጥ ያለ የኮምፔንሳቶ ጠርዝ ላይ አስደግፎ በሹል እርሳስ መስመር ማስመር፣ ከዚያ ስኳድራውን ገልብጦ ከዚያው ነጥብ እንደገና ማስመር ነው። መስመሮቹ ጫፍ ላይ በ1 ሚሊ ሜትር ከተለያዩ የስኳድራው ስህተት ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው፤ መገልበጡ ጥፋቱን እጥፍ አድርጎ ስለሚያሳይ። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በጎኑ ስለሚያብጥ ክረምት ሲገባ ፍተሻው ይደገም።

ከጠርዝ እኩል ርቀት ጠብቆ በሚስማር ጫፍ የሚያሰምረው መስመር ማውጫ ከሁሉም ይቀላል፤ ማስጠንቀቂያው አንድ ነው። ሚስማሩ እንደ መርፌ ከሾለ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ይስታል፣ ይቧጭራልም። በሊማ እንደ ትንሽ ቢላ ይሳል።

መላጊያ ግን ከቁራጭ ለመሥራት የሚጣደፍ ሰው ይቆየን። አካሉ ቢያምር ምላጩ ደካማ ከሆነ ልፋቱ ከንቱ ነው።

የሙያ ማሰልጠኛዎች ለለማጅ የብረት መዶሻ ከማስጨበጣቸው በፊት ይህን የወይራ መዶሻ የመጀመሪያ የተግባር ሥራ ቢያደርጉት ልክ፣ መጋዝ፣ መላጊያና ኮላ በአንድ ዕቃ ይማሩበታል። ቁራጩን በክብ መጋዝ ማሽን እንዲቆርጡ ግን አይፈቀድላቸው። ከስንዝር ተኩል ያነሰ እንጨት ለእጅ ቦታ የለውም፤ ጥርሱ ሲነክሰው ወደ ቆራጩ ይወረውረዋል። ሞርሳ ላይ ታስሮ በእጅ መጋዝ ይቆረጥ።

ከእንጨት ሥራ አሰልጣኞች
አዲስ አበባ